ብርድ ልብስ ስንት ነው?

የሚያውቋቸው ሁሉ «እትዬ ልኬ» ይሏቸዋል። በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የስፌት ክፍል ውስጥ የተቀደደ አንሶላ ይጠግናሉ፣ የበሽተኛ ጋውን ይሰፋሉ። ሜትር አንገታቸው ላይ ሳይንጠለጠል አይቻቸው አላውቅም። በር እንኳ ሲገቡ ስፋቱን በዓይናቸው ለክተው ነው፤ ቅጽል ስሙም የመጣው ከዚያ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ግጥም አስተምር ነበር። አንድ ቅዳሜ መጥተው የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡና ትምህርቱ ሲያልቅ ጠበቁኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ሁለት ስንኝ ለመጻፍ ስንት ቅዳሜ ይፈጃል?»

«ለማን ነው?»

ለታላቅ እህታቸው ነበር። እናታቸው ሲሞቱ እትዬ ልኬ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ያሳደጓቸው እኚህ እህት ናቸው፣ ያኔ ራሳቸው ገና አሥራ አምስት ሳይሞላቸው። ኋላም ሁለቱ በዚያው ስፌት ክፍል ፊት ለፊት ተቀምጠው ሠላሳ ዓመት ሰፉ። አሁን ታላቅየዋ በወሩ መጨረሻ ጡረታ ሊወጡ ነው፤ እትዬ ልኬም በሽኝቱ ቀን ሊያመሰግኗቸው ይፈልጋሉ። አንድም ቀን አመስግነዋቸው አያውቁም።

«እንዲሁ በቃል ቢነግሯቸውስ?»

«ሦስቴ ሞክሬያለሁ። አፌን ስከፍት እንባዬ ይቀድመኛል። እሷ ደግሞ ‹ሂጂ፣ ፊትሽን ታጠቢ› ብላ ወደ ስፌት መኪናዋ ትዞራለች። ግጥም ግን ልክ አለው አላልሽም? ልክ ያለው ነገር ይይዘኛል።»

ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስማር ስለ ግጥም ልኬት እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ወደ ቤቴ ስሄድ መንገዱ ከእግሬ በታች ለስለስ ያለ መሰለኝ።

የወል ቤትን አስተማርኳቸው። ስንኙ ለሁለት ይከፈላል፤ በዚህ ስድስት፣ በዚያ ስድስት፤ መጨረሻው ቤት ይመታል። ምኑ ስድስት እንደሚሆን ግን አልነገርኳቸውም። የሚታወቅ መስሎኝ ነበር።

በሳምንቱ ልብስ የሚነደፍበትን ቡናማ ወረቀት አጥፈው ይዘው መጡ። በላዩ ላይ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ሳጥን ሳጥን አስምረዋል፤ በእያንዳንዱ ሳጥን አንድ ፊደል።

የኔ አሳዳጊ የማለዳ ጮራ
ብርድ ልብስ ሆንሽኝ ጣራ

ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሁለተኛው ስንኝ ገና ሳይጀመር አለቀ፤ አንዱ እጅጌው ክርን ላይ እንደቀረ ኮት።

«ያነክሳል፣ እትዬ።»

«ምን ሆኖ ያነክሳል? ስድስት ስድስት ነው፤ ቁጠሪው።»

ቆጠርኩት። እውነታቸውን ነው፣ አንድም ፊደል አልጎደለም።

«ብርድ ልብስ ስንት ነው?» አልኳቸው።

«ስድስት።»

«እስቲ በአፍዎ ይበሉት፣ እያጨበጨቡ።»

«ብርድ» ሲሉ አንድ አጨበጨቡ። «ልብስ» ሲሉ አንድ። ሦስተኛውን ሊያጨበጭቡ የተነሱት እጆች አየር ላይ ቀሩ።

«ሁለት ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ከፊት የተቀመጡት ጡረተኛ ፖስተኛ ዞር አሉ። «ብርድ ልብስ በሁለት ነው ያላችሁት? ለኔም አንድ ያዙልኝ።»

ክፍሉ ሳቀ፤ እትዬ ልኬ ግን አልሳቁም። ግጥም በጆሮ እንጂ በዓይን እንደማይቆጠር፣ ብዙዎቹ ሳድስ ፊደሎች ከጎረቤታቸው ድምፅ ጋር እንደሚዋጡ ነገርኳቸው።

«የተዋጡት የት ይሄዳሉ?»

ወረቀታቸውን መልሰው አጥፈው ወጡ።

ረቡዕ ቀን ወደ ስፌት ክፍሉ አስጠሩኝ። ከካውያው የሚወጣው እንፋሎት የመስኮቱን ብርሃን ወተት አስመስሎታል፤ የታጠቡ አንሶላዎች እስከ ጣራው ተከምረዋል፤ ደመና መሃል የገባሁ መሰለኝ። ታላቅየዋ ለጡረታ ወረቀታቸው ወጥተው ነበር። እትዬ ልኬ ከመሳቢያቸው አንዲት የሕፃን ቀሚስ አወጡ። ከመታጠብ ብዛት ቀለሟ ምን እንደነበር አይታወቅም።

«እሷ የሰፋችልኝ ናት። ለትዝታ ነው ያስቀመጥኳት፤ ስፌቷን ነክቼው አላውቅም። ያንቺ ነገር እንቅልፍ ሲነሳኝ ግን ይቺ ትዝ አለችኝ።»

ጎኗን በመርፌ ጫፍ ቀስ አድርገው ተረተሩት። ለስፌት ተብሎ ወደ ውስጥ የታጠፈው ሁለት ጣት የሚሆን ጨርቅ ተገለጠ። «ይኸውልሽ የተዋጠው። ልብስ ስትለኪ ይሄን አትቆጥሪውም። ባይኖር ግን ልብሱ ገና ሲለበስ ይተረተራል። እንዳድግ ብላ ደግሞ አብዝታ…»

ፀሐይ ያልነካው፣ ሳሙና ያላገኘው ጨርቅ ሰማያዊ ነበር። እንደ ትናንት ሰማያዊ።

«እህቴ እንዲህ ያለ ሰማያዊ ቀሚስ ነበራት» አሉ። «የምትሞቅባት ልብስ ያቺ ብቻ ነበረች። ‹ጠፋብኝ› አለችን። ያን ክረምት ሙሉ ስትንቀጠቀጥ ‹ጠፋብኝ› ነበር የምትለው።»

ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ጭናቸው ላይ ጠቀለሉት፣ ፈቱት፣ ጠቀለሉት።

የሽኝቱ ቀን ሁለቱ የስፌት መኪናዎች ተገፍተው ነርሶቹና አጣቢዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ታላቅየዋ መሃል ወንበር ላይ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። እትዬ ልኬ ተነሱ። ወረቀት አልያዙም። ጣቶቻቸው ሜትሩ ላይ አንድ አንድ እያሉ ሲሄዱ አየሁ።

የራስሽን ልብስ ቀደሽ ለኔ ስትሰፊልኝ
ያንቺ ብርድ ነው ዛሬም እኔን የሚሞቀኝ

በፊደል ብትቆጥሩት እያንዳንዱ ስንኝ አሥራ አንድና ስምንት ነው። በጆሮ ግን ስድስት ስድስት፣ አንድም ቦታ አላነከሰም። ድምፃቸውም አልተሰበረም።

ታላቅየዋ ወደ ታናሻቸው ቀና አሉ።

«ማን ነገረሽ እንደበረደኝ?»

«ስፌቱ።»

«ሂጂ፣ ፊትሽን…» ብለው ጀመሩ እንደ ልማዳቸው። የእትዬ ልኬ ፊት ግን ደረቅ ነበር። ታላቅየዋ የጀመሩትን ሳይጨርሱ ተነሱ፤ በተሰበሰበው ሰው መሃል አልፈው ወደ ቧንቧው የሄዱት ራሳቸው ነበሩ።