መብራትም አየር ነው

«ይቺ ሴትዮ የምትተኛው መቼ ነው?»

ጠያቂው ከኡርባን ቡና ቤት በላይ ያለችውን ክፍል የተከራየ ጎብኚ ነበር። ጠዋት ዳቦውን ቡናው ውስጥ እየነከረ፣ በመስኮቱ አሻግሮ የፊሎሜንን ቤት በአገጩ አመለከተ። «ማታ ስተኛ መብራቷ በርቷል። ውሃ ልጠጣ ስነሳ በርቷል። ይኸው ፀሐይ ወጥታም በርቷል።»

ኡርባን ብርጭቆ ማድረቁን ሳያቆም አሰበ። ፊሎሜን ዶሳክ የሟች ሚስቱ ታላቅ እህት ናት። ምን ስትበላ ሆዷን እንደሚነፋት፣ ማንን ለምን እንዳኮረፈች፣ የትኛው ጉልበቷ ዝናብ መምጣቱን ቀድሞ እንደሚያውቅ ያውቃል። ዕድሜውን ሙሉ ማለት ይቻላል ከቤቷ ፊት ለፊት ኖሯል። ይህን ግን አያውቅም።

«እንጃ» አለ በመጨረሻ። «የምትተኛም አይመስለኝ።»

ሮክፔይር ኮረብታ አናት ላይ እንደ ቆብ የተደፋች የድንጋይ መንደር ናት። ፊሎሜን የተወለደችው እዚያው ነው። አባቷ ኖራ አቃጣይ ነበር፤ እሷ ደግሞ ለትምህርት ቤቱ ልጆች ምሳ ታበስል ነበር። ልጆቹ አድገው ከተማ ወረዱ፤ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ባሏ ኤሜም ሞተ። ከዚያ በኋላ ነው ቁልፎቹ መምጣት የጀመሩት።

የመጀመሪያውን የሰጠቻት ጎረቤቷ ባቲስቲን ናት፤ ሆስፒታል ስትወርድ፣ «ልጄ እስኪመጣ ያዢልኝ» ብላ። እሷ አልተመለሰችም። ልጇ መጣና ቤቱን ለአንድ የሆላንድ ሰው ሸጦ ሄደ። የሆላንዱ ሰው በበጋ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ሲሄድ ቁልፉን መልሶ ለፊሎሜን ሰጣት። «ማዳም፣ ቤቱ እንዳይሻግት አልፎ አልፎ አየር ያስገቡለት» አላት። ሰው በሞተ፣ ቤት በተሸጠ ቁጥር እንዲሁ እየሆነ፣ ዱሮ ሳህን ይሰቀልበት የነበረው የወጥ ቤቷ ግድግዳ በቁልፍ ተሸፈነ። እሷ ግን አንዱንም ቤት በአዲሱ ባለቤት ስም ጠርታው አታውቅም። አንድ የቤልጂግ የጥርስ ሐኪም የገዛው ቤት ለእሷ እስከ ዛሬ «የፈረስ ጫማ ሠሪው ቤት» ነው። በየሳምንቱ ትዞራለች፤ መስኮት ትከፍታለች፤ ድሩን ትጠርጋለች፤ ቤቱ ትንሽ ከተነፈሰ በኋላ ቆልፋ ትወጣለች።

ከሸለቆው ማዶ፣ ፊት ለፊት፣ ሞንሰርጋል አለች፦ ሌላ ኮረብታ፣ ሌላ መንደር፣ ከዚህኛው የባሰ ምላስ። ሮክፔይር አምራ የምትታየው ከሞንሰርጋል ሆነው ሲያዩዋት ነው። ስለዚህ ጎብኚው ሮክፔይርን አንዴ ይዞርና፣ ከምንጩ ውሃ ጠጥቶ፣ ወደ ማዶ ይሻገራል። እዚያ ከሴቬሪን ምግብ ቤት ሰገነት ላይ ተቀምጦ እየበላና እየጠጣ ሮክፔይርን ያያል። «ውበቱ የኛ፣ እራቱ የነሱ» ይላል ኡርባን።

ፊሎሜን ሞንሰርጋልን ከረገጠች ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆኗታል። በልጃገረድነቷ ለዳንስ ሄዳ አንድ ጎረምሳ፣ ይኸው ሴቬሪን፣ «የሮክፔይር ሴት ዳገት ስትወጣ ስትወርድ ባቷ የበሬ ያህላል፤ እኔ ከበሬ ጋር አልደንስም» አላት። በጥፊ አጮለችው፤ ወጣች፤ አልተመለሰችም።

ጎብኚው ያንን በጠየቀበት ዓመት ግን መሄድ ግድ ሆነ። በበጋ መግቢያ የሚከበረው የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ዳንስ አንድ ዓመት እዚያ፣ አንድ ዓመት እዚህ ነበር የሚደረገው። ተራው የሮክፔይር ሳለ የሞንሰርጋል ሰዎች ስብሰባ ጠርተው፣ «እነሱ ጋ ማን ቀረና? ከእንግዲህ ሁልጊዜ እኛ ጋ ይሁን» አሉ። ኡርባንና ፊሎሜን በአሮጌዋ መኪናው ሸለቆውን ወርደው ወጡ።

«ተራ ተራ ነው» አለች ፊሎሜን፣ ሳትቀመጥ።

«እንኳን ደህና መጣሽ ፊሎሜን» አለ ሴቬሪን። ፀጉሩ ነጥቷል፤ ሆዱም ከሱ ቀድሞ የሚገባ ሆኗል። «ባትሽ እንዴት ነው?»

«እግዜር ይመስገን። ጉንጭህስ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሴቬሪንም ሳቀ፤ ግን አልተረታም። «እሺ፣ ተራችሁን ውሰዱ። እኛም በዚያው ምሽት የራሳችንን እንደግሳለን። ሕዝቡ ወደ ወደደው ይሂድ። እናንተ ጋ ሰው ካልወጣ ግን በዓሉ ከእንግዲህ የሞንሰርጋል ነው።»

እጅ ወጣ፤ ተወሰነ።

ሲወጡ ፊሎሜን የሴቬሪን ምግብ ቤት ሰገነት ጫፍ ላይ ቆመች። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ማዶ ሮክፔይር ማር የፈሰሰባት ትመስላለች። ጎብኚዎቹ ሹካቸውን አስቀምጠው ፎቶ ያነሷታል።

«እንዲህ ነን እንዴ?» አለች ቀስ ብላ።

ፀሐይዋ ገባች። ማሩ አመድ ሆነ። ከዚያ ሁሉ ቤት የበራው የሦስቱ መብራት ብቻ ነበር፦ የኡርባን ቡና ቤት፣ የፍየል አይብ የሚሠሩት የጆዬልና የሚስቱ የሮዝሊን ቤት፣ የራሷ የፊሎሜን። ጎብኚዎቹ ወንበራቸውን ወደ ውስጥ አዙረው ጀርባቸውን ሰጧት።

ሴቬሪን ከኋላ መጣ። «ክፉ ሆነን እኮ አይደለም ፊሎሜን። ሬሳም አምሮ ይገነዛል፤ አብሮት ግን አይደነስም።»

ፊሎሜን ወደ መኪናዋ ሄደች። መኪናዋ ሸለቆው ውስጥ ካለው ድልድይ ላይ ስትደርስ፣ «መብራቴ ከዚያ ይታያል» አለች።

«ይታያል።»

«እንዲታይ ብዬ ነው የማላጠፋው። ከማዶ የሚያየን፣ 'አሉ' እንዲል። አንድ አምፖል ግን አልበቃም።»

«በርቶ ነው እንዴ የምትተኚው?»

«በመብራት ማን ይተኛል? አንተ ደግሞ!»

የበዓሉ ምሽት መጣ። ሣሩ ደርቆ ስለነበር በየዓመቱ ኮረብታው ላይ የሚነደው የዮሐንስ እሳት ተከልክሏል፤ ሰው ከሩቅ የሚጠራ ምልክት የለም። ኡርባን አደባባዩ ላይ ጠረጴዛ ደርድሮ የነጭ ሽንኩርት ሾርባ ጣደ፤ ቋሊማ ጠበሰ። አኮርዲዮን ተጫዋቹ ለድመቶቹ ሁለት ዘፈን ተጫወተላቸውና ማዛጋት ጀመረ። ጆዬልና ሮዝሊን ብቻቸውን ደንሰው ተቀመጡ። ከማዶ የሞንሰርጋል ከበሮና ሳቅ በነፋስ ይመጣል።

«ፊሎሜንስ?» አለች ሮዝሊን።

«እንጃላት።» ኡርባን ተናዷል። ቢያንስ እሷ ትመጣለች ብሎ ነበር። ቋሊማውን አገላበጠው፤ የሚበላው ሰው ግን የለም። በዓሉ እንዲህ ሆኖ ሊያልቅ ነው፣ አለ በልቡ፤ በእኔ እጅ።

ይህን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ አንድ መስኮት ቦግ አለ። የእንጨት መዝጊያው ተበርግዶ ግድግዳውን ጓ አደረገው። ከጎኑ ያለው በራ። ቀጥሎ ከሱ በታች ያለው።

«ሌባ!» አለ ጆዬል ብድግ ብሎ።

«ሌባ መብራት ያበራል እንዴ፣ አንተ ሞኝ!» አለችው ሮዝሊን።

ከፈረስ ጫማ ሠሪው ቤት መስኮት የፊሎሜን ነጭ ራስ ብቅ አለ። ቁልፎቹ አንገቷ ላይ እንደ ሽንኩርት ጉንጉን ተንጠልጥለዋል።

«አፍህን ከፍተህ ምን ታየኛለህ ኡርባን! ና የታችኛውን ሰፈር ቁልፍ ውሰድ! እኔ ስንት ጉልበት አለኝ?»

«አብደሻል? የሰው ቤት ነው! ባለቤቶቹ ምን ይላሉ?»

«'አየር አስገቢለት' ነው ያሉኝ! መብራትም አየር ነው!»

ኡርባን ቋሊማውን ረስቶ ሮጠ። ጆዬልና ሮዝሊን ተከተሉት። አኮርዲዮን ተጫዋቹ ሳይቀር ሁለት ቁልፍ ያዘ። ኡርባን ከሚስቱ ሞት ወዲህ ያልረገጣቸውን ቤቶች እየከፈተ ገባ። የባቲስቲን ወጥ ቤት ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ ከሚስቱ ጋር መጀመሪያ የተያዩበት የድንጋይ ምድጃ ግን እንዳለ ነው። ማብሪያውን ሲጫን አላመነታም። ለካ ፊሎሜን ከማለዳ ጀምራ ስትዞር፣ የተቃጠለውን አምፖል ሁሉ ስትለውጥ ውላለች። መዝጊያዎቹን እየበረገደ ሲወርድ ራሱን እንደ ልጅ ሲስቅ አገኘው።

ሲጨርሱ ወደ ሸለቆው በሚያየው ግንብ ጫፍ ተሰብስበው ቆሙ። ከኋላቸው መንደሩ ከጓዳ እስከ ሰቀላ በርቷል። ከማዶ ከበሮው ቆመ። ሳቁም ቆመ።

«አዩን» አለች ፊሎሜን።

ከሞንሰርጋል ኮረብታ አንድ የመኪና መብራት መውረድ ጀመረ። ከኋላው ሌላ። ከዚያ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ተከታትለው ወርደው ድልድዩ አካባቢ ጠፉ። ጥቂት ቆይቶ የሰልፉ ጫፍ በዚህኛው ዳገት ብቅ አለ።

«ሾርባው!» ብላ ጮኸች ሮዝሊን።

ሾርባው ለግማሹም አልደረሰም። ደግነቱ የሞንሰርጋል ሴቶች ድስታቸውን ይዘው ነው የመጡት። ጎብኚዎች፣ የሸለቆው ገበሬዎች፣ ከከተማ ለበዓሉ የመጡ የሮክፔይር ልጆች አደባባዩን ሞሉት። አንዱ ጎልማሳ የባቲስቲን በር ላይ ቆሞ፣ «እዚህ ቤት ነበር እኮ ከረሜላ የምትሰጠን» እያለ ዓይኑን ይጠርጋል።

«እግርህን ጠርገህ ግባና እየው» አለችው ፊሎሜን። «ምንም እንዳትነካ!»

በመጨረሻ ሴቬሪን ደረጃውን ጨርሶ ብቅ አለ፤ ላብ በላብ ሆኖ፣ ግድግዳ ተደግፎ።

«ምነው ሙሴ ሴቬሪን?» አለችው። «ባትህ ቀጥኖ ነው መሰል፣ ለኛ ዳገት አልተሠራም።»

ሴቬሪን እስኪተነፍስ ጠበቀች። «ፊሎሜን፣» አለ እጁን ዘርግቶ፣ «አሁን እንኳ አብረሽኝ ደንሺ።»

«ከበሬ ጋር?»

«አንድ ጥፊ በልቼበታለሁ፤ አይበቃም?»

ሕዝቡ ጮኸ። አኮርዲዮኑ ጀመረ። ፊሎሜን ቁልፎቹን ከአንገቷ አውልቃ ኡርባን አንገት ላይ አደረገቻቸውና ደነሰች፤ እየዞረች፣ በየዙሩ የበሩትን መስኮቶች እያየች። ሲያበቁ ሴቬሪን ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ «ተራ ተራ ነው!» ብሎ ጮኸ። «በሚመጣው ዓመት እኛ፣ ከዚያ እንደገና እዚህ! ሰምታችኋል?»

የመጨረሻዋ መኪና ስትወርድ ሰማዩ መሳሳት ጀምሮ ነበር። ፊሎሜንና ኡርባን ከቤት ቤት ዞረው ሁሉንም እንደነበረ መለሱት፤ መብራት አጠፉ፣ መዝጊያ ዘጉ፣ ቆለፉ። በሯ ላይ ሲደርሱ ቁልፎቹን ተቀበለችው።

«ደህና እደር አልልህም፤ ነግቷል» አለችና ገባች።

ኡርባን ባዶው አደባባይ ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቁልፎቹ አንድ በአንድ ምስማራቸው ላይ ሲሰቀሉ ቅጭልታቸው ተሰማው። ከዚያ፣ እሱ እስከሚያስታውሰው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የፊሎሜን መብራት ጠፋ። ሰዓቱን አየ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ነበር።