በመዳፍ የማይመታ ባትሪ

አዋላጇ እንዳለች የመጀመሪያውን ባትሪ ከባንኮኒው አነሳችና ከነድንጋዩ ደፉ ላይ ፈጠፈጠችው። አምፖሉ ድርግም አለ። ሁለተኛውንም እንዲሁ አደረገችው፤ እሱ ጭራሽ ለሁለት ተከፈለ። የሱቁ ባለቤት ዙሃራ እጇን አፏ ላይ ጫነች እንጂ አልከለከለቻትም። በጠመንጃ ያዥ ሰፈር ግማሹ ልጅ የተወለደው በእንዳለች አዋላጅነት ነው፤ የዙሃራም ልጆች ጭምር።

«ኧረ እትዬ እንዳለች፣ ሱቄን ጨረሱት እኮ!»

«የሚሰበር ካለ አሁን ይሰበር። እኔ የምፈልገው ወድቆም የማይጠፋውን ነው።»

ሌላው ሰው ባትሪ የሚገዛው ጭቃና ጉድጓድ እንዳይጥለው ነው። እንዳለች የምትገዛው ላለመሞት ነበር። ጊዜው ቀይ ሽብር የታወጀበት፣ ሰው ጠዋት ሬሳ እየተሻገረ ሥራ የሚገባበት ጊዜ ነው። ምጥ ደግሞ ሰዓት እላፊ አያውቅም። ስለዚህ የቀበሌው ሊቀ መንበር ለአዋላጇ አንድ ነገር ፈቅዶላት ነበር፤ መብራት አብርታ ከሄደች አብዮት ጥበቃዎቹ አይነኳትም። መብራቱ ከጠፋ ግን ተደብቃለች ማለት ነው፤ የተደበቀ ደግሞ ፀረ አብዮት ነው። የሰው ነፍስ በአንዲት ፍሬ አምፖል! እንዲህ ዓይነት ፈቃድ ሰጥተው ደግሞ አመስግኑን ይሉ ነበር።

ባትሪውን የሚይዝላት ባሏ ኦልጅራ ነበር። ልደታ ማርያም አጠገብ በአናጢነት የሚሠራ፣ ለወላዶቹ ከሚስቱ ብሶ የሚጨነቅ፣ «ብቻሽን አትሄጂም» እያለ ከሞቀ አልጋው የሚነሳ ሰው። ባትሪያቸው አሮጌ ስለነበር መንገድ ላይ በድንገት ይጠፋል። ያን ጊዜ ኦልጅራ ባትሪ ያለው የአገሩ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ያደርጋል፤ በመዳፉ ጧ ያደርገዋል፤ ይበራል። ስንት ዓመት እንዲህ ሲኖሩ ማንም ምንም አላላቸውም።

ከወር በፊት ከአንዲት ወላድ ቤት ሲመለሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ያለው ማዕዘን ላይ ጠፋ። «ቁም!» አለ ከጨለማው ውስጥ አንድ ድምፅ። ኦልጅራ ለመታየት፣ እኔ ነኝ ለማለት፣ ቶሎ ብሎ ባትሪውን በመዳፉ መታው። ጧ። ጠመንጃ የያዘው ልጅ ሽጉጥ ሲቀባበል የሰማ መሰለው። መሰለው! ጥይቱን ደረቱ ላይ አርከፈከፈበት። ኦልጅራ ሲወድቅ ባትሪው መሬት ነክቶ በራ፤ እንዳለች የባሏን የተበሳሳ ደረት ያየችው በዚያው ብርሃን ነው። በማግስቱ ቀበሌው «በስህተት ነው» አላትና ድንኳን እንዳትጥል፣ ድምፅ አውጥታ እንዳታለቅስ ከለከላት።

ሌላ ሰው ቢሆን በቃኝ ብሎ በሩን ይዘጋ ነበር። ግን ጎረቤቷ ወይንሀረግ ዛሬ ነገ የምትባል እርጉዝ ናት፤ የፊተኛውን ስትወልድ ደም ፈሷት ለጥቂት ነው የተረፈችው። እንዳለች ካልደረሰችላት ማን ይደርስላታል?

ዙሃራ ከመደርደሪያው ጥግ አቧራ የጠጣ፣ ሦስት ድንጋይ የሚጎርስ፣ ወፍራም የብረት ባትሪ አወጣች። «ይኼ የድሮ ነው፤ ከበደን እያሉ የሚገዛው ጠፋ።» እንዳለች አብርታ ወረወረችው። ደፉ ተሸረፈ፤ ባትሪው አልጠፋም። አንስታ እንደበራ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችውና ታየው ጀመር።

በዚህ መሀል ደጉ ከነጠመንጃው ገባ። ይህን ስም ያወጡለት ሰዎች ምን አይተውበት እንደሆነ እንጃ። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነው፤ ጢሙ እንኳ በቅጡ አልወጣም። ማዕዘኑ ላይ የተኮሰው እሱ ነው። ይህን ሰፈሩ ያውቃል፣ እንዳለችም ታውቃለች፣ እሱም መታወቁን ያውቃል።

«ድንጋይ ቀይሪልኝ» አለ የራሱን ባትሪ ለዙሃራ እየወረወረ። እንዳለችን እንዳላያት ሆነ።

ዙሃራ አሮጌውን ድንጋይ አውጥታ አዲስ አጎረሰችው። ደጉ ማብሪያውን ገፋ። አልበራም። መልሶ ገፋው። አልበራም። ከዚያ ሳያስበው ባትሪውን በግራ መዳፉ መታው።

ጧ።

በራ።

«እንደዚህ ነው ያደረገው» አለች እንዳለች። አልጮኸችም። «ልክ እንደዚህ። ታዲያ አንተ ላይ ማን ይተኩስ?»

ደጉ መዳፉን አየ። ለአፍታ ፊቱ የሕፃን ፊት ሆነ፤ አፉንም ከፈት አድርጎ ነበር። ይቅርታ ሊል ይሆናል፣ እኔ አላውቅም። ብቻ አላለም። ባንኮኒው ላይ የሚበራውን ከባዱን ባትሪ አፈፍ አድርጎ ግንባሯን አላት። ስትወድቅ ትከሻዋን፣ ፊቷን በእጇ ስትሸፍን ጣቶቿን። «ዝም በይ! ዝም በይ አንቺ ፀረ አብዮት!» ይላል፣ እሷ ግን ቀድሞም ዝም ብላ ነበር። ክንዱ ሲዝል ባትሪውን ላይዋ ላይ ጣለና የራሱን እንኳ ሳይወስድ ወጣ።

ዙሃራ እያለቀሰች ሻሿን ፈትታ የተተረተረ ግንባሯን አሰረችላት። «ይነሱ እትዬ፣ ሐኪም ቤት ልውሰድዎት። በአላህ ይነሱ።»

እንዳለች በዳበሳ እጇን ዘረጋች። ባትሪው ደፉ ሥር ተንከባሎ ቆሟል፤ ብርሃኑ ሲሚንቶው ላይ በፈሰሰው ደም ላይ ወድቋል። አነሳችውና በቀሚሷ ጠረገችው።

«ወይንሀረግ ትጠብቀኛለች» አለች። «ይኼ ይሁንልኝ ዙሃራ። አየሽው? አልጠፋም።»