የወርቁ መጽሐፍ በዓል

ንጉሡ እንጦጦ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ፣ እኔ ከቀበና ድንጋይ እሸከም ነበር። አንድ ቀን ወገቤ አልንቀሳቀስም ሲለኝ፣ አሠሪያችን ፈረንጅ ሊያጽናናኝ ፈለገ።

"አይዞህ፣ ሞርሞን የሚባለውን ሃይማኖት የጀመረውም እንዳንተ ብዙ ያልተማረ የድሃ ገበሬ ልጅ ነው። መልአክ መርቶት ከኮረብታ የወርቅ መጽሐፍ ቆፍሮ አወጣ፤ ለሰው ግን አላሳይም አለ!" ብሎ ሳቀ።

እኛ አልሳቅንም። ታቦትስ ለማን ይታያል?

ጓደኛዬ ቶሎሳ፣ "ጌታዬ፣ መጽሐፉ የወጣበት ቀን መቼ ነው የሚውለው?" አለ።

"መስከረም ላይ... እንዲያውም ዛሬ ሳይሆን አይቀርም።"

ቶሎሳ ድንጋዩን አወረደ። "በበዓል ነው እንዴ የሚያሠሩን?"

ሁላችንም ተቀመጥን። ፈረንጁ፣ "ኧረ እኔ አላምንበትም!" ብሎ ጮኸ።

"አይጨነቁ ጌታዬ፣ እኛ እናከብርልዎታለን" አልኩትና ተጋደምኩ።