በኮዳው ውስጥ የነበረው ጠበል

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ባለቤቴ ሰቆጣ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆኖ ተመድቦ ሳለ ነው። እስካሁን ጉም ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ሰቆጣ ከገባን ጀምሮ እናቴን በዓይኔ አላየኋትም ነበር። ያን ዓመት የብስክሌት ውድድር ይደረጋል ተባለ፤ አንደኛ የወጣው ደሴ ሄዶ ይወዳደራል። ባለቤቴ በጤና ጣቢያው ብስክሌት ተመዘገበ። "ካሸነፍኩ አብረን እንሄዳለን" አለኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋብኝ።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት፣ እሱ ቁርሱን ሲበላ፣ ውሃ ልሞላለት ኮዳውን ወሰድኩ። እናቴ በመንገደኛ የላከችልኝ፣ እምነት፣ የቤተ ክርስቲያኑ አፈር፣ የተበጠበጠበት የሰፈራችን ጠበል ነበረኝ። ስሳሳለት የኖርኩት ነው። የውድድሩን መንገድ ቁልቁለት አስቤ፣ ይጠብቀው ብዬ፣ ሳልነግረው ጠበሉን ሞላሁበት።

ሜዳው ላይ ጉም ተኝቷል። ሰዉ የሚታየው ከወገቡ በላይ ብቻ ነው። ከደሴ የመጡት ዳኛ ብስክሌቶቹን ይፈትሻሉ፤ ፍሬን ይጨብጣሉ፣ ጎማ ይጫናሉ። የእኛ ጋ ሲደርሱ ኮዳውን ከፍተው መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉ። ደፍርሷል።

"ከንጹሕ ውሃ ሌላ አይፈቀድም። ይደፋና ይቀየር፤ አለዚያ አይወዳደርም።"

"ጠበል ነው" አልኳቸው፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ።

ባለቤቴ ዞሮ አየኝ። "አንቺ ሴት፣ እኔ እኮ ቁርስ በልቻለሁ። በውሃ ጥም ልትገድይኝ ነበር?"

ከኋላ አንዱ "ድሬሰሩ በመርፌ ያቃተውን በጠበል ሊሞክር ነው" አለና ሰዉ ሳቀ።

ዳኛው አልሳቁም። እርጥብ መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ ጠረጉና ኮዳውን ይዘው ቀሩ። ሰውና በቅሎ በሚረግጠው ሜዳ ላይ ጠበል እንዴት ይደፋል? መገልበጫ ዕቃ የለም፣ ቤታችን ሩቅ ነው፣ ሌሎቹ ተሰልፈዋል። የበላ ሰው ደግሞ አይጠጣውም።

"እኔም ቀምሻለሁ" አሉ ቀስ ብለው።

ቀኑ ዓርብ ነበር፤ እኔ አልቀመስኩም። "ይስጡኝ" አልኳቸው።

ባርኔጣቸውን አውልቀው ዞር አሉልኝ። አማትቤ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። ቀዝቃዛ ነው፤ ከሥሩ የአፈር ጣዕም አለው። ዓይኔን ስጨፍን እናቴ ደጃፍ ቆሜያለሁ። የደጃፉ ድንጋይ፣ የባሕር ዛፉ ሽታ፣ እሷ ከውስጥ "ማነው?" ስትል።

ዓይኔን ስገልጥ ዳኛው ከአንዲት ውሃ ቀጂ እንስራ ኮዳውን አስሞልተው ለባለቤቴ እየሰጡት ነው። ወዲያው ተወዳዳሪዎቹ ተለቀቁ። ጎማው በጉም ተሸፍኖ፣ ሰዎቹ በደመና ላይ ተቀምጠው የሚሄዱ ይመስሉ ነበር።

ባለቤቴ ሦስተኛ ወጣ። ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ቤት ስንመለስ "ደሴ ሳላደርስሽ ቀረሁ" አለኝ። ደርሼ መምጣቴን ሳልነግረው ብስክሌቱን ከኋላ ይዤ አብሬው ገፋሁ።

እናቴ ዛሬ በሕይወት የለችም፤ እኔም እዚሁ ሰቆጣ ቀረሁ። ዓርብ ጠዋት፣ ምንም ሳልቀምስ፣ ጉም ሲወርድ ደጅ ወጥቼ እቆማለሁ። "ማነው?" የምትለኝ ይመስለኛል።

እኔ ነኝ እላለሁ፣ ሰው እንዳይሰማኝ ቀስ ብዬ።