ይስደቧት፣ ጋሼ

የታሰርኩበት ክፍል የመኪና ጋራዥ ነበር። ዛሬ አትላስ በሚባለው በኩል፣ ከባለቤቱ የተወረሰ ቪላ ውስጥ ነው። በሩን ከፍተው ሲያስገቡኝ መጀመሪያ የመታኝ የዘይት ሽታ ነው። ድሮ የቆመ መኪና ያንጠባጠበው ዘይት ሲሚንቶው ላይ ተዘርግቶ ጠቁሯል። ሰዉ ዘይት የሌለበትን እየመረጠ ተቀምጦ ስለነበር ለእኔ የቀረኝ ያ ጥቁሩ ቦታ ነው። ሥራዬ ነዳጅ መቅዳት ስለሆነ ሽታው አልከበደኝም፤ እንዲያውም ትንሽ አረጋጋኝ።

ያን ጊዜ ቤቴ ወሎ ሰፈር ነው። ቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ፣ ትናንሾቹ የግል አይሮፕላኖች በሚቆሙበት ዳር፣ አጣቢና ነዳጅ ቀጂ ነበርኩ። በዚያው ሰሞን አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ሳይፈቀድላት ተነስታ ድንበር ተሻግራ ጠፋች ተባለ። በማግስቱ የቀሩትን ሁሉ ፈተሹ። የአንዷ የነዳጅ ታንክ እስከ አፉ ሙሉ ሆኖ ተገኘ። ማን ሞላው? እኔ። የማን ናት? የጋሼ።

ጋሼ የምላቸው አዋሽ ላይ የጥጥ እርሻ የነበራቸው ሰው ናቸው። እርሻው ሲወረስ አይሮፕላኗ ብቻ ቀረችላቸው፤ እሷም እንዳትበር ተከልክላ ሣር ላይ ቆማለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ሞተሯን አስነስተው፣ ጥቂት አስጩኸው ያጠፏታል። ዝም ካሏት ውስጧ ይዝጋል። አመሻሽ ላይ ደግሞ እኔን መሰላል አስወጥተው የጎደለውን ያስሞሉኛል።

"ጎዶሎ ታንክ ሌሊት ያልበዋል" ይሉኝ ነበር።

ባዶው ቦታ ላይ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ውሃ ይቋጥርና ነዳጁ ውስጥ ይወርዳል፤ ሞተር ደግሞ ውሃ አይወድም። አይሮፕላኑን የሚወድ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ታዲያ ይህን ለካድሬ እንዴት ታስረዳዋለህ? የማትበር አይሮፕላን ነዳጅ ምን ይሠራላታል?

ጋሼ ቀድመውኝ ገብተው ጥጉን ይዘዋል። ሲያዩኝ ደነገጡ።

"አንተንም?" አሉኝ።

ከጎናቸው ሌላ አብራሪ ነበር፤ እርሻ ላይ የተባይ መድኃኒት የሚረጭ፣ ወሬው የማያልቅ ጎልማሳ። ረጪው እለዋለሁ። ከመታሰራቸው በፊትም ይተዋወቃሉ። እዚያ ጋራዥ ውስጥ ሆነውም የድሮ ጠባቸውን አልተዉም ነበር፦ ክንፏ ከላይ የሆነችው ትሻላለች ወይስ ክንፏ ከታች የሆነችው?

"ጋሼ፣ ያቺን ጃንጥላ የደፋች ሳጥንዎን እኮ የሚነዳት ነፋስ ነው፤ እርስዎ ተሳፋሪ ነዎት" ይላል ረጪው።

"ያንተዋስ? እንቁላሏን እንደታቀፈች ዶሮ ክንፏን ከታች አንጥፋ፣ መሬቱን ጋርዳብህ!"

"ፈጣን ናታ!"

"ፈጥና የት ልትደርስ? ሣር ሜዳ ላይ ስታርፍ ክንፏ ያጭዳል። የእኔዋ ዝናብ ቢመጣ ሥሯ ትጠለላለህ። ነዳጇ ከላይ በራሱ ይወርዳል። ፓምፑ ተበላሸ፣ ከግራው ታንክ ወደ ቀኙ ቀይር፣ የለም።"

"ስትዞርሳ? ክንፏ ዓይንዎን ይጋርደዋል።"

"አንገቴን ሰበር አደርጋለሁ።"

ሰዉ ይስቃል። አይሮፕላን ከሩቅ እንጂ ከቅርብ አይቶ የማያውቀው ሁሉ ወገን ለየ። አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ "እኔ ለዝናቡ ስል ከጋሼ ጋር ነኝ" አለ። ከውጭ ትልቁ አይሮፕላን ሊያርፍ ሲመጣ የጋራዡ ቆርቆሮ በር ይንቀጠቀጣል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ዝም ይልና፣ ሲያልፍ ክርክሩ ይቀጥላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘበኛው መጥቶ ጋሼና እኔ ነገ ጠዋት አንድ ላይ መርማሪው ፊት እንደምንቀርብ ነገረን። ሳቁ እዚያው ቀረ። ከዚያ ጋራዥ "ዕቃህን ይዘህ ውጣ" ተብሎ የወጣ ሰው ወዴት እንደሄደ የሚጠይቅ አልነበረም።

ረጪው ወደ ጋሼ ተጠጋ። እንደዚያ ኮስተር ሲል አይቼው አላውቅም።

"ጋሼ፣ ነገ የሚጠይቅዎት አንድ ነገር ነው። ድንበር ትደርሳለች ወይ? ትደርሳለች ካሉ አለቀልዎት። ይስደቧት።"

"እንዴት አድርጌ?"

"ጉድለቷን አንድ ባንድ ይናገሩ። ሙሉ ታንክ ይዛ ቤተሰብ ጭና ከአዲስ አበባ አትነሳም ይበሉ። አገሩ ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ውሸት አይደለም እኮ።"

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እሺ። ደካማ ናት። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ መንደርደሪያው ያልቅባታል።"

"ጎሽ!"

"ዘገምተኛ ናት። የጎን ነፋስ ያንገላታታል።"

"ጎሽ!"

"ግን ለስላሳ እጅ ከያዛት..."

"ጋሼ!"

"ምን ላድርግ፣ እውነት ነው።"

"እሱን ቤትዎ ሲገቡ ይንገሩን። ነገ ይስደቧት።"

እስኪመሽ ድረስ አለማመድናቸው። እያንዳንዱ ስድብ ጫፉ ላይ ሲደርስ ሙገሳ ይሆንባቸዋል። እኔም ልርዳቸው ብዬ፣ "በሯ በክረምት ያፈሳል፤ ወንበሩን የማደርቀው እኔ ነኝ፤ የፊት ጎማዋም ይንዘፈዘፋል" አልኩ። ቅር ብሏቸው አዩኝ።

"አንተም?" አሉ።

ጠዋት ወሰዱን። መርማሪው የቪላው የመመገቢያ ክፍል ውስጥ፣ ትልቁ ጠረጴዛ ዘንድ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። ሽታው ከበር ጀምሮ ተቀበለን፤ አፌ ውሃ ሞላ። ወጣት ነው፤ ድምፁም ለስላሳ።

"አይሮፕላንህ ድንበር ትደርሳለች?" አላቸው። በዕድሜ አባቱ ይሆናሉ።

"አትደርስም" አሉ ጋሼ። ከዚያ እንዳለማመድናቸው ተናገሩ። ደካማነቷን፣ ዘገምተኛነቷን፣ ነፋሱን፣ የሚያፈሰውን በር ሳይቀር። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ነው የተናገሩት። አንድም "ግን" አላሉም። እኔ በሆዴ ተመስገን አልኩ።

መርማሪው አንድ ፍልቃቂ ብርቱካን ጎረሰና ወደ እኔ ዞረ።

"ታንኩን የሞላኸው አንተ ነህ?"

"አዎ ጓድ። ውሃ እንዳይቋጥር ነው፣ ሁልጊዜ..."

"ለምን ብዬ አልጠየቅሁህም። ሰውየው አትረባም እያለ ነው። የማትረባ አይሮፕላን ሙላ ብሎ የሚያዝ ሰው የለም። ስለዚህ ያዘዘህ እሱ አይደለም። ለማን ነው ያዘጋጀሃት?"

ሚስቴ ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ናት፤ የታየችኝ እሷ ናት። መርማሪው ትንሽ ጠበቀኝና ለዘበኛው፣ "ይሄኛው ዕቃውን ይዞ ይውጣ" አለው።

"ቆይ፣ ጓድ" አሉ ጋሼ።

ቀና ብለዋል።

"ያዘዝኩት እኔ ነኝ። እሱ መሰላል ውጣ ሲሉት የሚወጣ ሰው ነው።"

"አትረባም አላልክም?"

"ዋሽቼ ነው።" እዚህ ላይ ፊታቸው ተፈታ። "በጣም ጥሩ አይሮፕላን ናት። በዚያ ነዳጅ ድንበር ትደርሳለች፣ ደርሳም ይተርፋታል። በጠዋቱ ቅዝቃዜ ከተነሳች ሸክሟን ትችላለች። ሣር ላይም ጠጠር ላይም ታርፋለች። በእሷ ስበር ፈርቼ አላውቅም።"

መርማሪው ማኘኩን አቆመ። "ልትጠፋባት ነበር ማለት ነው?"

"ትደርሳለች ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። ትደርሳለች።"

ወደ ጋራዡ ስንመለስ ረጪው በር ላይ ጠበቀን። "ሰደቧት?"

"ሰድቤያት ነበር" አሉ ጋሼ። "አልሆነልኝም።"

ለረጪው ነገሩን የነገርኩት እኔ ነኝ። ነግሬው ሳልጨርስ ዘበኛው መጣ። ጋሼን ነው፤ ከነዕቃቸው። ብርድ ልብሳቸውን አጣጠፉ። የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፉ። ሰዉ ሁሉ ሳይነጋገር ብድግ አለ። ረጪው፣ "ጋሼ፣ ከላይ የሆነችው ትሻላለች" አላቸው።

ዞር ብለው አዩት። "አሁን ገና ገባህ?" አሉና ወጡ።

ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። ያየ ሰውም አላገኘሁም።

እኔን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፈቱኝ፤ ክረምቱ ሲወጣ ሥራዬ ላይ መለሱኝ። አይሮፕላኗ እዚያው ቆማለች፤ ሣሩ ሆዷ ድረስ በቅሏል፣ አንዱ ጎማዋ ተንፍሷል። የሚነካት አልነበረም፤ ሰው ይፈራል። አንድ ቅዳሜ ፎጣዬን ይዤ ሄድኩ። መስታወቷን ወለወልኩ። ከዚያ ጋሼ ያደርጉ እንደነበረው ክንፏ ሥር ቆሜ፣ እንደሞላሁት ከቆየው ታንክ ግርጌ ትንሽ ነዳጅ በብርጭቆ ቀዳሁና ወደ ፀሐይ አነሳሁት። ያን ሁሉ ዝናብና ብርድ ውጭ ነው ያሳለፈችው። ጥርት ያለ ነዳጅ ነው፤ አንዲት ጠብታ ውሃ የለበትም። ብርጭቆውን እንደያዝኩ ቆየሁ። "አየህ፣ ለዚህ ነበር የሞላነው" የምለው ሰው በአጠገቤ አልነበረም።

አሁን አርጅቻለሁ። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከልጄ ጋር ነው የምኖረው፤ ያኔ በሆድ የነበረችው ናት። በረንዳ ላይ ስቀመጥ ትላልቆቹ አይሮፕላኖች ሲያልፉ አያለሁ፤ ትናንሾቹ እምብዛም አይታዩም። አይሮፕላን ማረፊያ እንደሠራሁ የሚያውቅ ጎረቤት አንዳንዴ ይጠይቀኛል፤ ከትናንሾቹ የትኛዋ ትሻል ነበር? ክንፏ ከላይ የሆነችው እለዋለሁ። ጉድለት አልነበረባትም ወይ ይለኛል።

ጉድለቷን አንድ ባንድ አውቀዋለሁ። አልናገርም።