ዋስ የሌለው ሰማይ

አያ አበባው ስብሰባ የሚመርቁ ሰው ናቸው። ገበሬነታቸው እንዳለ ሆኖ፣ ከሮብ ገበያ እስከ ደብረ ማርቆስ የሚታወቁት በዚህ ነው። ማዳበሪያ መርቀዋል፤ እርከን መርቀዋል፤ የጤና መድን መርቀዋል፤ ውሃ ሳይወጣው የቀረውን ጉድጓድም መርቀዋል። ኃላፊዎች የሚወዷቸው ስለማያስረዝሙ ነው። ተነሥተው እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ ጥቂት ቃል ይናገራሉ፣ አዳራሹ አሜን ይላል፣ ሰው ይበተናል።

ሳይመረቅ ከወንበሩ የሚነሣ የለም። ከተመረቀ በኋላ ደግሞ «እኔ አልተስማማሁም» የሚል የለም። ቃለ ጉባኤው ላይ «በአባቶች ምርቃት ተጠናቀቀ» ተብሎ ይሰፍራል፤ ወደ ላይ ሲሄድ «ሕዝቡ ተስማምቶበታል» ይሆናል። አያ አበባው ይህን ያውቁታል። እስካለፈው ጥቅምት ድረስ ግን እንቅልፍ አልነሣቸውም።

በጥቅምት ፍሥሐ ደወለ። ፍሥሐ የዞኑን ስብሰባዎች የሚያዘጋጅ ኃላፊ ነው።

«አባታችን፣ ሐሙስ ማርቆስ ይፈለጋሉ።»

«ምን ሊመረቅ ነው?»

«የህዋ ረቂቅ ደንብ ነው።»

«የምን?»

«የህዋ። የጠፈር። የሰማይ ማለት ነው።»

«ሰማዩ ደግሞ ምን ጎደለው?»

ፍሥሐ ሳቀ። «እሱን ባለሙያው ከአዲስ አበባ መጥቶ ያስረዳል። እርስዎ መጨረሻ ላይ ብቻ ነዎት።»

በስብሰባው ዋዜማ ልጃቸው ሃኒ መጣች። ሃኒ ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰች በኋላ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ማርቆስ ላይ፣ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ባለ ክፍል፣ ትንሽ ድርጅት ከፍታለች። የውጭ አገር ሳተላይቶች ያነሡትን ፎቶ በኢንተርኔት ያወርዳሉ፤ ኢንተርኔት ሲኖር ነው እንግዲህ። የትኛው የስንዴ ማሳ እንደታመመ፣ የትኛውን ተዳፋት ውርጭ እንደሚመታው፣ የትኛው ገደል ሥር ውሃ እንዳለ ከፎቶው አንብበው ለገበሬ ማኅበራትና ለነጋዴ ይሸጣሉ። አያ አበባው አንድ ጊዜ «አገሬው ቀና ብሎ ማየት በፈራበት ዘመን ከሰማይ እንጀራ ይበላል?» ብለዋት ነበር። «ያ ድሮን ነው አባ፤ ይኼ ሌላ ነው» ብላ አለፈችው።

ያን ዕለት ገና ሳትቀመጥ «አባ፣ ነገ እንዳይመርቁ» አለች።

«ምርቃት ይከለከላል?»

«ደንቡ ከጸደቀ ከሰማይ የተነሣን ፎቶ ለማንበብ የመንግሥት የህዋ ተቋም ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ ለመጠየቅ ደግሞ የራሳችሁ መቀበያ ጣቢያ ይኑራችሁ ይላል። እኛ ያለን ሦስት ላፕቶፕ ነው። እንዘጋለን ማለት ነው።»

«መንግሥት እናንተ ፎቶ ብታዩ ምን ቸገረው?»

«ማን ምን እንዳየ ማወቅ ይፈልጋል።»

ማን ምን እንዳየ ማወቅ አያ አበባውም ይፈልጋሉ። «የማንጠግቦሽ ምንጭስ?» አሉ።

ማንጠግቦሽ አጥር የምትጋራቸው ጎረቤት ናት፤ ባሏ ሞቷል። ባለፈው ዓመት አንድ ባለሀብት መጥቶ፣ ከእርሻዋ ግርጌ ያለውን ቁልቁለት «ጥቅም ላይ ያልዋለ» አስብሎ የድንች ዘር ሊያባዛበት ከቀበሌው ተረከበ። አጠረው። ምንጯ ከአጥሩ ውስጥ ቀረ። ሰውየው ማንንም መንገድ ሳይጠይቅ፣ ፎቶ ይዞ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ውሃው ነበር የሄደው። ፎቶውን አንብባ የሸጠችለት ሃኒ ናት።

«እኛ የሸጥነው ፎቶ ነው» አለች። «መሬቱን የሰጠው ቀበሌው ነው።»

«ቀበሌው ደግሞ ካርታዬ ላይ ባዶ ነበር ይላል።»

«ታዲያ የኔ ጥፋት ምኑ ላይ ነው፣ አባ?»

መልሳቸውን አልጠበቀችም፤ የማይመርቁ መስሏት ተመለሰች።

ሐሙስ ዕለት አዳራሹ ሞላ። ባለሙያው ስክሪኑ ላይ አንቀጽ በአንቀጽ አነበበ። ሰማዩ የሕዝብ ሀብት ነው፤ የሕዝብ ሀብት ባለቤት ያስፈልገዋል፤ ባለቤቱ ተቋሙ ነው። ቀጥሎ ሃኒ ዕድል ተሰጣት። ጥሩ ተናገረች። ፈቃድ እስኪመጣ ዋግ አይጠብቅም፣ ውርጭም ማኅተም አይጠይቅም አለች።

«ስለ ውርጭ ከቢሮ ማስጠንቀቂያ ደርሶት የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ።»

ማንም አላወጣም። የደምበጫው እህል ነጋዴ ሐምዱ ከኋላ ሆኖ «ለኔ ከቢሮ የሚደርሰኝ የግብሩ ብቻ ነው» አለ፤ አዳራሹ ሳቀ። ሐምዱ የሃኒ ደንበኛ ነው። ስንዴ ከመግዛቱ በፊት ማሳውን ከሰማይ ያያል፤ ሻይ ሰዓት ላይም «ይህችን ልጅ ማን ይነካታል» ሲል ነበር።

ባለሙያው አልሳቀም። «ሰማዩን ለሦስት ላፕቶፕ አንለቅም» አለ።

ያኔ የሴት አርሶ አደሮች ተወካይ ተብላ የተጠራችው ማንጠግቦሽ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ «የኔ ምንጭ በየትኛው አንቀጽ ነው የሚመለስ?» አለች።

«እናቴ፣ እሱ የመሬት ጉዳይ ነው። የኛ የህዋ ነው።»

«ከላይ አይተው አይደል የወሰዱት?»

ባለሙያው ፍሥሐን አየው። ፍሥሐ በሩን አየ፤ የምሳው ሽታ መግባት ጀምሯል። «አባታችን፣ ይመርቁንና ወደ ምሳ እንሂድ» አለ።

አያ አበባው ተነሡ። እጃቸውን ግን አልዘረጉም። በአገራቸው ሰው ሲጣላ የሚያሸማግሉትም እሳቸው ናቸው፤ የሽምግልናን ሥርዓት ከስብሰባ ሥርዓት በፊት ነው የተማሩት።

«ይህ ያልታረቀ ነገር ነው» አሉ። «ያልታረቀ አይመረቅም። ዋስ ተጠርቶ ቀጠሮ ይያዝለታል።»

ጥቂት ሰዎች ሊስቁ ጀምረው ተዉት። አያ አበባው ወደ ባለሙያው ዞሩ።

«ፈቃድ የሰጣችሁት ሰው የድኻ ምንጭ ቢያጥር ተጠያቂው ማን ነው? ዋስ ይጥሩ።»

«ተቋም እኮ ዋስ አይጠራም፣ አባት።»

«ካልጠራ እንግዲህ አናምነውም።» ይህን ሲሉ ከኋላ ወንበሮች ማጉረምረም ተሰማ፤ የሃኒ ፊት በራ። አያ አበባው ግን አልተቀመጡም። «ሃኒ አበባው» አሉ፤ እንደ ባዕድ በሙሉ ስሟ። «አንቺስ? ለሸጥሽው ፎቶ ዋስሽ ማን ነው?»

ሃኒ ተነሥታ ቆመች። ግራ ቀኙን አየች። የማኅበራቱ ሊቀ መናብርት መሬት መሬቱን አዩ። ሐምዱ ስልኩን ማገላበጥ ያዘ። ማንም አልተነሣም። ስላልተመረቀም ማንም መውጣት አልቻለም። አዳራሽ ሙሉ ሰው እሷን እያየ ተቀምጦ ቀረ።

ፍሥሐ ከፊት ወንበር ወደተቀመጡ ሌላ አዛውንት ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከ። አዛውንቱ ተነሥተው መረቁ፤ አስረዘሙም። አሜን ተባለ። ማንጠግቦሽም አለች። ምርቃት ሲወርድ አፍን መዝጋት እርግማን መጥራት ነው። አያ አበባው የራሳቸውም ከንፈር አሜን ሲል ሰሙት።

ሃኒ ምሳ አልገባችም። ከግቢው በር ጠበቀቻቸው።

«እርስዎ ቆመው ሳሉ ዋስ ጥሪ አሉኝ።»

«ዳኛ ዋስ አይሆንም፣ ልጄ።»

«ማን ዳኛ አደረገዎት? የተጠሩት ለምርቃት ነው። እኔ አይመርቁ ነው ያልኩ፤ ሰው ፊት ያቁሙኝ አላልኩም።»

«አንድ ሰው ይነሣል ብዬ ነበር» አሉ አያ አበባው።

«እኔም» አለችና ባጃጅ አስቁማ ሄደች።

ወደ ሮብ ገበያ በሚመለሰው ሚኒባስ ማንጠግቦሽ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከተማው ከኋላ እስኪቀር አልተናገረችም። በኋላ፣ «አያ አበባው፣ ልጅህን ለምን ነካካሃት?» አለች። «እኔ የፈለግሁት ውሃውን ነው።»

ደንቡ ጸደቀ። እሳቸው ቢመርቁም ባይመርቁም ይጸድቅ ነበር፤ ይህን ፍሥሐ ራሱ ነግሯቸዋል፣ በመልካም አንደበት፣ ሌላ ስብሰባ ላይ እንደማይጠራቸውም አብሮ እየነገራቸው። ጥር ላይ ከፋርማሲው በላይ ያለውን ክፍል ልብስ ሰፊ ተከራየው። የሃኒ ጓደኞች ተበተኑ። እሷ አዲስ አበባ ገባች። የተቀጠረችው በዚያው ተቋም ነው፤ የፈቃድ ጠያቂዎችን ማመልከቻ ትመረምራለች። የባለሀብቱ አጥር አልተነካም።

ሃኒ የምትደውለው ወደ እናቷ ስልክ ብቻ ነው። ባለፈው እሑድ እናቷ «አባትሽ እዚሁ አሉ፣ ላገናኝሽ» ብለው ስልኩን አቀበሏቸው። አያ አበባው «ሃኒ» አሉ። መስመሩ ጠፋ። ኔትወርኩ ይቋረጥ ወይ እሷ ትዝጋው፣ ለይተው ማወቅ አልቻሉም። ስልኩን ለባለቤታቸው መልሰው ወጡና አህያቸውን ፈቱ። የማንጠግቦሽ ባዶ ጀሪካኖች በጋራ አጥራቸው በኩል ተደርድረው ነበር። ውሃ የሚቀዱላት ወንዝ ሩቅ ነው፤ ሳይመሽ መመለስ አለባቸው።