ጅብ የማያስገባ የውሻ በር

ውሻዬን ቡችላ ሳለ የሰጠኝ የአንድ ትልቅ ግቢ ዘበኛ ነው። «ትንሽ ዘር ነው፣ ከድመት ብዙም አይበልጥም» ብሎኝ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ጭንቅላቱ ወገቤ ጋ ደረሰ። አንድ ቀን ዘበኛውን መንገድ ላይ ሳገኘው ውሻውን አየና «ይኼ ያ ነው እንዴ?» አለኝ። «እሱ ነው፣ ድመትህ» አልኩት። ተሳስቀን ተለያየን።

ያኔ የካ፣ ዳገቱ ላይ ጫካው ሥር፣ ከልጄ ጋር ነበር የምኖረው። ክፍለ ከተማ የሚለው ስም ገና አዲስ ነበር፤ ልጄ እዚያ ተቀጥራ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትመለሰው። ግቢያችን የሁለት ቤት ነው። በአንዱ እኛ፣ በሌላው ደግሞ ከስልጤ አገር የመጣች፣ እንደ እኔው የልጅ ልጅ ያየች ጎረቤቴ። በመንገዱ በኩል ትንሽ ሱቅ አላት፤ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ሻማ፣ ስኳር ትሸጣለች። የውጭ በራችን አንድ የቆርቆሮ በር ነው።

እኔ ደግሞ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ እወጣለሁ፤ አንዳንዴ እስከ እንጦጦ ማርያም፣ አንዳንዴ ወደ ኮተቤ፣ አንዳንዴ ወዴት እንደሆነ ራሴም ሳላውቀው። ቤት ስቀመጥ ሐሳቤ ይቋጠራል፣ ስሄድ ይፈታል። ዳገቱን ስወጣ ውሻው አብሮኝ ይመጣል። ቤተ ክርስቲያን ውሻ እንደማይገባ የነገረው ያለ ይመስል፣ እኔ ተሳልሜ እስክወጣ ከቅጥሩ ውጪ ባሕር ዛፍ ሥር ተኝቶ ይጠብቀኛል። ታክሲ በምሳፈርበት ቀን ግን ይዤው አልሄድም። ያን ቀን እሱም እንደ እኔው ነው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሾልኮ ሰፈሩን ይዞራል፣ ሲመለስ ቆርቆሮውን ይቧጭራል፣ የሰማው ይከፍትለታል።

አንድ ጊዜ የሰማው ጠፋ። ለቅሶ ሩቅ ሄጄ እዚያው ባደርኩበት ቀን ነው። ልጄ አምሽታ፣ ደክሟት ገባችና ውሻው ግቢ ያለ መስሏት በሩን ዘጋች። ጠዋት ስትከፍት የሱቁ መስኮት ሥር ተኝቶ አገኘችው፤ የኋላ ጭኑ ተቦጭቋል። ጅብ ነው። ሲመሽ ከጫካው ይወርዳሉ፣ አልጋችን ላይ ሆነን ድምፃቸውን እንሰማለን። ጎረቤቴም «ሲያለቅስ ሰምቻለሁ፣ የሌላ ሰው ውሻ መሰለኝ» አለች። ደጋግማ ነው ያለችው፤ ማንም ሳይጠይቃት።

ሐኪም መጥቶ ሰፋለት። ልጄ ግን ሐኪሙ እንደወጣ ቁርጡን ነገረችኝ።

«እማዬ፣ ከእንግዲህ ወይ በሰንሰለት ይታሰራል፣ ወይ ከታች ለሚሠራው ፎቅ ዘበኛ እንሰጠዋለን።»

«ምን አደረገ?»

«እሱማ ምንም አላደረገም። አንቺ ትዞሪያለሽ፣ እኔ ሥራ ነኝ። ማን በር ይክፈትለት? በሚቀጥለው ጊዜ ሬሳውን ነው የምናገኘው።»

እውነቷን ነው። ግን የታሰረ ውሻ አይቻለሁ፤ ሰንሰለቱ እስከሚደርስበት ድረስ መሬቱን ክብ አድርጎ ሲልጠው፣ ዓይኑ ሲከፋ፣ በኋላም የሚያበላውን ሰው ሲነክስ። መስጠቱንም አልቻልኩም። «የራሱን በር እናሠራለት» አልኳት። «ከፈለገ ይውጣ፣ ከፈለገ ይግባ፣ ማንንም አይጠብቅ።» ልጄ «ጅቡም ማንንም አይጠብቅማ» አለችኝ። «ጅብ የማያስገባ በር ካገኘሽ እሺ። ካላገኘሽ ይሰጣል።»

እኔም ፍለጋ ወጣሁ። እስከዚያ ድረስ ስዞር ሰማይና ዛፍ፣ የሰው ፊት ነበር የማየው፤ አሁን የሰው በር ታችኛውን ክፍል ማየት ጀመርኩ። ስንቱን አየሁ መሰላችሁ! አንዱ ቤት ቆርቆሮውን ቀዶ ጫፉን እንደ ምላጭ ትቶታል፣ የውሻው ጠጉር ተሰክቶበታል። ሌላው ቤት ቀዳዳው በእሾህ ቅርንጫፍ ተወትፏል። ኮተቤ መንገድ ዳር ያለ አንድ ግቢ የመኪና ጎማ ቆርጦ እንደ መጋረጃ ሰቅሎበታል፤ ያምራል፣ ግን ለውሻ የሚለቅ ጎማ ለጅብም ይለቃል። አንድ ፎቅ ቤት ደግሞ ከውጭ አገር የመጣ፣ እንደ መስተዋት የሚያሳይ የፕላስቲክ በር አስገጥሟል። የእኔ ውሻ አፍንጫውን ብቻ ነው የሚያሳልፍበት።

እዚያው ፎቅ ቤት ጎንበስ ብዬ ስመለከት ዘበኛው ብቅ አለና «እማማ፣ እግዜር ይስጥዎት» አለኝ። ለማኝ መስዬው።

«ልመና አይደለም ልጄ፣ ቀዳዳችሁን እያየሁ ነው» አልኩት።

ይኼን ስል ፊቱ ተለወጠ። «ቀዳዳውን ለምን ያያሉ? ማን ነው የላከዎት?»

ማንም እንዳልላከኝ፣ ውሻ እንዳለኝ፣ ጅብ እንደነከሰው ሳስረዳው ጊዜ ወሰደብኝ። በመጨረሻ እሱም አምኖኝ አጠገቤ ቁጢጥ አለና አብረን በሩን ማየት ያዝን። «ይኼ ለድመት ነው» አለኝ። «የርስዎ ውሻ ምን ያህል ነው?» በእጄ አሳየሁት። «ውሻ ነው ወይስ ጥጃ?» አለኝ።

ከዚህ ሁሉ ዞሬ የመረጥኩት ወፍራም የላሜራ በር ነው፤ ከላይ በማጠፊያ የሚንጠለጠል፣ ወደ ውጪም ወደ ውስጥም የሚገፋ። ወደ በያጁ ሄድኩ። ወጣት ነው፣ ጨዋ።

«ማዘር፣ ሳይዙ ስንት ይሁን?»

እኔ ሜትር አላውቅም። ስንዝርና ክንድ ነው የማውቀው። ውሻውን በገመድ ለክቼው ነበር፤ ከመሬት እስከ ጆሮው ጫፍ፣ ጎኑንም ከነጠጉሩ። በዚያም ላይ «እንዳይጨንቀው» ብዬ በሁለቱም በኩል ስንዝር ጨምሬበታለሁ። በያጁ ገመዱን አየ፣ እኔን አየ፣ ዝም ብሎ ሠራው።

መጥቶ ሊገጥም ሲል ጎረቤቴ ከሱቋ ወጣች። ቧንቧው ያለው ከበሩ በስተቀኝ ነው፤ ለሰላት የምትታጠበውም እዚያው፣ ጆጓም እዚያው ነው የሚቀመጠው። ለእሷ የውሻ ምራቅ ነጃሳ ነው፤ ከነካት እንደገና መታጠብ አለባት። ያን ሁሉ ዓመት ውሻዬን አንድም ቀን አባርራው አታውቅም፣ አንድም ቀን ነክታው አታውቅም። «በግራ በኩል ይሁን» አለች፣ በግራ ሆነ። ተገጥሞ ሲያልቅ ራቅ ብላ አየችውና፣

«አንቺ ሴት፣ ይኼ የውሻ በር ነው የሙሽራ?»

«ትልቅ ውሻ አይደል እንዴ!»

«አንቺ ራስሽ ትገቢበታለሽ።»

«አልገባም።»

«እስቲ ሞክሪው።»

ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጠመጠምኩና ተንበረከክኩ። ጭንቅላቴ ገባ፣ ትከሻዬ ገባ። ዳሌዬ ይይዘኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ እሱም አለፈ። በአራት እግሬ መንገዱ ላይ ወጣሁ። ልክ በዚያች ሰዓት የእድራችን ጸሐፊ ሲያልፉ «ደህና ዋሉ?» አሉኝ። መሬት ላይ እንዳለሁ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» አልኳቸው። ግቢ ውስጥ ጎረቤቴ ግድግዳ ይዛ ትስቃለች፣ በያጁ ደግሞ ፊቱን አዙሮ ዕቃውን ይሰበስባል።

እኔ ከገባሁ ሌባም ይገባል፣ ጅብማ ከነጓደኛው ይገባል። እንደገና ለካን። ያኔ ነው የገባኝ፤ ለምወደው ስለሆነ ሰፊ በር ሳስብለት ነበር፣ እሱ ግን ሰፊ በር አይፈልግም። ቆሞ ማለፍ የለበትም፣ ጎንበስ ማለት ያውቃል። የደረቱ ስፋትና የትከሻው ከፍታ ከበቃ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ ያልፋል። በያጁ በጎንና በላይ ብረት ጨምሮ አጠበበው። በአጥንት እያባበልኩ አስለመድኩት፤ መጀመሪያ ብረቱ ሲንኳኳ ይሸሽ ነበር፣ በኋላ እንደ ቤቱ ባለቤት እየገፋ መውጣትና መግባት ያዘ።

ሁሉም ነገር ያለቀ መስሎኝ ነበር። ማታ ልጄ መጥታ በሩን በእግሯ ገፋ ገፋ አደረገችና «እማዬ፣ ጅብ ምን ያህል ነው?» አለችኝ።

ጅብ የውሻዬን ያህል ነው። ትከሻው ከትከሻው እኩል ነው። በየትኛውም ስንዝር ብለካ፣ ውሻዬን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ጅቡን አይመልሰውም። ያን ያህል ቀን የሰው በር ሥር ጎንበስ ብዬ ስዞር ይኼን አላሰብኩትም።

ሁለቱን የሚለያያቸው ሰዓት ብቻ ነው፤ ጅብ የሚወርደው ሲጨልም ነው። ስለዚህ ቀን በሩ ይለቀቃል፣ ሲመሽ ውሻው መግባቱ ታይቶ በመቀርቀሪያ ይዘጋል። መቀርቀሪያውን ከታች፣ ከበሩ እግር ላይ አስገጠምን። ልጄ «ማን ይዘጋዋል?» አለች። «እኔ» አልኩ። እሷ የታክሲ ሰልፍ ላይ ስለምታመሽ አይሆንላትም። «እሺ» አለችኝ፤ ፊቷ ላይ ደስታ አየሁባት። ለካ እሷን ያስጨነቃት ውሻው ብቻ ሳይሆን የእኔም መዞር ነበር።

ከዚያ በኋላ እግሬ አጠረ። እንጦጦ ስወጣ ገና ግማሽ ሳልደርስ ፀሐይዋን አያለሁ። ሰው ቤት ስገባ ከመቀመጤ «ልሂድ» እላለሁ። መዞሬ እንደ ሥራ ሆነብኝ፤ ሰዓት ያለው፣ ተመለሺ የሚባልበት። ውሻው ከሰንሰለት ዳነ፣ እኔ ታሰርኩ ማለት ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ራሴ ያመጣሁት ነገር ነው፣ በማን ላይ አማርራለሁ?

ኋላ ኮተቤ ያለችው ታናሿ ልጄ ወለደች። አራስ ልጠይቅ ሄጄ ሳልቀመጥ ተመለስኩ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ሱቋ ደጃፍ ስደርስ ጎረቤቴ አስቆመችኝ።

«ልጅሽ ወልዳ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«በሩን ልዘጋ።»

«የትኛውን በር?»

ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና «ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ቤት ያለሁት እኔ አይደለሁም እንዴ? ለመግሪብ ሰላት ልታጠብ ስወጣ እዘጋዋለሁ» አለች።

«እንዴት አድርገሽ? አፍንጫውን የሚያሽበት እኮ ነው።»

«በያጁን ጥሪልኝ።»

በያጁ መጣ። እሷ እየመራችው መቀርቀሪያውን ከታች ነቀለና ረጅም የብረት ዘንግ ሠራ፤ ከሰው ደረት ከፍታ ላይ ተይዞ ወደ ታች የሚወርድ። ጎንበስ ማለት የለም፣ ላሜራውን መንካት የለም። እሷው ሞከረችው፤ ዘንጉ ወርዶ መሬት ውስጥ ስክት አለ። «በቃ። ሂጂ አሁን» አለችኝ። «አራስ ልጅሽን ተንከባከቢያት።»

ሄድኩ። ኮተቤ ብዙ ቀን ሰነበትኩ፤ ሕፃኑን ታቀፍኩ፣ ጥግ ጥጉን እንደ ልቤ ዞርኩ። ሲመሽ ሲመሽ ግን ደጅ ወጥቼ ወደ የካ በኩል አይ ነበር። የሌላ ሰው ውሻ ነው፤ እሷ ምን ዕዳ አለባት? ብትረሳው አልፈርድባትም እል ነበር ለራሴ።

የተመለስኩ ዕለት ደጃፏ ላይ ቆማ አገኘኋት።

«መጣሽ? ውሻሽን ተረከቢኝ፣ ሥራ አስፈታኝ።»

«ምነው፣ ምን አደረገ?»

«ትናንት አመሸብኛ! መግሪብ ተባለ፣ የለም። ታጥቤ ወጣሁ፣ የለም። ዘንጉን ይዤ ቆሜ በስሙ ስጣራ ሰፈሩ በሙሉ ሰማኝ። እኔ! ውሻ ስጣራ!»

«ታዲያ ዘግተሽ አትሰግጂም ነበር?»

ያላበደ ሰው ይኼን ይላል ወይ በሚል ዓይን አየችኝ።

«እሱ ውጪ እያለ?»

«ሰላትሽስ?»

«ደረስኩበት፣ አልሐምዱሊላህ።»

ድምፄን ሰምቶ ነው መሰለኝ፣ ላሜራው ተገፋና ውሻው በትንሿ በር ወጣ። እሷ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ዘወር አለችለት።